እናቴ ስፌቱን ተወች፤ የእጅ ሥራ ይረዳታል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሐረር ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ አባታችን ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። መሶብና ሙዳይ ስትሰፋ የኖረች ሴት ወስፌዋን ካስቀመጠች ወራት አለፉ። ጎረቤት ቡና ሲጠራት አትሄድም፤ ሌሊትም እንቅልፍ የላትም። ጓደኛዬ «የእጅ ሥራ ለጭንቀት ጥሩ ነው፣ አስጀምሪያት» አለችኝ። እውነት ይረዳታል ወይስ ሐኪም ቤት ልውሰዳት?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ያጣሩልኝ፤ እናትዎ ስፌቱ በደንብ ይታያቸዋል? በዚህ ዕድሜ የዓይን ሞራ፣ የቅርብ እይታ መድከምና የጣት መገጣጠሚያ ሕመም የተለመዱ ናቸው። ብዙ እናቶች «አይታየኝም» ከማለት «ሰለቸኝ» ማለት ይቀላቸዋል።

ሐዘን በራሱ በሽታ አይደለም። ሆኖም ቀኑን ሙሉ መከፋት፣ የሚወዱትን መተው፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት ከ2 ሳምንት በላይ ከዘለቀ ድባቴ ሊሆን ይችላል። የጻፉልኝ ወደዚያ ያደላልና ይመርመሩ። የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ መድከምም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

የጓደኛዎ ምክር መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው፣ ከ3,000 በላይ ጥናቶችን የቃኘ ሪፖርት ኪነ ጥበብ የአእምሮ ጤናን ለመጠበቅም ሕክምናን ለማገዝም እንደሚጠቅም ያሳያል። ስፌትን ደግሞ እናትዎ ያውቁታል። ቀዩ አለላ በየትኛው ዙር ገብቶ በየትኛው እንደሚያበቃ የሚያሰላ አእምሮ ቢያንስ ለዚያች ሰዓት ከሐሳቡ ያርፋል። በጀጎል ቤቶች ግድግዳ ላይ የተደረደሩት ስፌቶችም ሴቶች ተሰብስበው እየተጨዋወቱ የሚሠሯቸው ናቸው፤ እኔ ከስፌቱ እኩል የማምነው በዚያ ጨዋታ ነው።

«ደስ ሲላት ትጀምራለች» ብለው ግን አይጠብቁ። በድባቴ ጊዜ ፍላጎት የሚመጣው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ በሕክምናውም የምንጠቀምበት መንገድ ይህ ነው። መሶብ አያስጀምሯቸው፣ ትልቅ ሥራ ተጀምሮ ሲቀር ሌላ ቁጭት ይሆናልና። አክርማውን አርጥበው አጠገባቸው ይቀመጡና «እማ፣ አሳዪኝ» ይበሏቸው። ለመጀመሪያው ቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። እርስዎ ሲያበላሹ ፈትተው ያስተካክሉልዎት፤ ለሽያጭ ይሁን አይበሉ፣ አያጣድፏቸው። እየሰፉ እንጉርጉሮ ቢጀምሩና እንባ ቢቀድማቸውም «በቃ» ብለው አያስቁሟቸው።

ሐኪም መድኃኒት ካዘዘ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፤ ተሻለኝ ብለው በራሳቸው እንዳያቋርጡ ይከታተሉ። ጠበልም ሆነ ዱዓ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

«ምነው በሞትኩ» ማለት ከጀመሩ ወይም እህል ውኃ እምቢ ካሉ ግን ስፌቱን ይተዉትና በዚያው ቀን ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ብቻቸውንም አይተዉዋቸው።