ከአንድ ማኅፀን ወጥተው አንዱን ብቻ ለምን ይጥለዋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰባት ዓመት የሞላቸው መንታ ወንዶች ልጆች አሉኝ። አንዱን የሚጥል በሽታ ይዞታል፤ ሌላው ደኅና ነው። ዘመዶቼ «አንዱን ብቻ ከለየው መንፈስ ነው፤ ኪኒኑን አቁመሽ ጠበል ውሰጂው» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አደራ ኪኒኑን እንዳታቆሚ። በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ ይነሣል። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያባራ ሌላው እየተከተለ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ያዕቆብና ዔሳውም በአንድ ማኅፀን አደሩ፤ አንዱ ጠጉራም፣ ሌላው ለስላሳ ሆነ። ቁርጥ አንድ የሚመስሉ መንቶች ዘረ መላቸው አንድ ነው። የማይመሳሰሉት ግን እንደማንኛውም ወንድማማች ናቸው። ሐኪሞች መንቶችን ሲያጠኑ፣ አንዱ ይህ በሽታ ካለበት ሌላውም የመያዙ ዕድል በሚመሳሰሉት ላይ ከፍ ብሎ አገኙት። ዘር ድርሻ አለው ማለት ነው። ያም ሆኖ ከሚመሳሰሉትም አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። መንቶች ብዙ ጊዜ ቀናቸው ሳይደርስ፣ ኪሏቸው አንሶ ይወለዳሉ። አንዱ ሲወለድ አየር ያጥረዋል፤ ወይም በሕፃንነቱ ማጅራት ገትር ይይዘዋል። በዚያ የተጎዳ አንጎል ቆይቶ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ አወላለዳቸውን ለሐኪሙ አንድ በአንድ ንገሪው።

ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ቁጥር 24 አጋንንት ያደረባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን፣ ማለትም የሚጥላቸውን፣ ለየብቻ ጠርቷቸዋል። በምዕራፍ 17 ጌታ ጋኔን ያወጣለት ልጅ እንዳለ እናምናለን። ከዚያ ተነሥቶ የወደቀን ሁሉ «ጋኔን ነው» ማለት ግን በሕፃን ላይ መፍረድ ነው። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ያለውም እግዚአብሔር ስለፈጠረው ነው።

ጠበሉንም ይጠመቅ፤ ኪኒኑን በሰዓቱ እየወሰደ። ውኃ ውስጥ ብቻውን አትተዪው። አንድ ጊዜ ጠበል ሰልፍ ላይ አንድ ልጅ ወደቀ። አንዱ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ሥር ያዘ፤ ሌላው በአፉ ማንኪያ ሊከት ታገለ። እናቱ ሁለቱንም ገፍታ ነጠላዋን ከራሱ ሥር አነጠፈች፤ በጎኑም አስተኛችው። ልክ እሷ ነበረች። ደኅነኛውን ልጅሽን ይህንኑ አስተምሪው፤ ወንድሙ ሲወድቅ አጠገቡ የሚገኘው እሱ ነውና።

ሰባት ዓመት ስለሞላቸው ጾም ታስጀምሪያቸው ይሆናል። የታመመውን ከማስጾምሽ በፊት ለንስሐ አባትሽ ስለ ኪኒኑ ሰዓት ንገሪያቸው። ለታመመ ሰው ሥርዓቱ አለመጾምን ይፈቅዳል።