የፈተናው ፍላሽ፣ የክፍያው መልእክትና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሳምንት የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ዳርቻ የመጡ ናቸው። ሁሉም ስለ ትምህርት ቤት ነው።

ጥያቄ (መምህርት፣ ቱሉ ዲምቱ)፦ ፈተና የማባዛው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ትናንት ፍላሼን ስከፍት ፋይሎቼ ሁሉ «ሾርትከት» ሆነዋል። ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ እንዳያደርጉት! አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ሾርትከቱንም አይጫኑት፤ ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተርዎ የሚገባው ያኔ ነው። አፕዴት በተደረገ አንቲቫይረስ ያስፈትሹት። ከዚያ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ያብሩ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ፈተናው ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ብዙ ጊዜ ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ገልብጠው ነው የሚያትሙት። እርስዎ ሲወጡ እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ የሚገባው ደንበኛ የእርስዎ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቆመው ያስጠፉ፤ ሪሳይክል ቢኑም ይጽዳ። ከተቻለ አንድ ቅጂ ትምህርት ቤት አትመው ወረቀቱን ብቻ ይዘው ይሂዱ። ርዕሰ መምህራን፣ እባካችሁ ፕሪንተር ግዙላቸው። የፈተና ምስጢር የመምህሩ ሸክም ብቻ መሆን የለበትም።

ጥያቄ (አባት፣ ኮዬ ፈጬ)፦ በልጄ ትምህርት ቤት ስም «የሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል፣ እስከ ነገ ክፈሉ» የሚል የቴሌግራም መልእክት መጣልኝ።

መልስ፦ አይክፈሉ። መልእክቱ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ድሮ በያዙት ቁጥር ይደውሉ። ቅርብ ከሆነ ብቅ ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ሱሉልታ)፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሸጥ ቻናል አለ። ያለፈውን ዓመት ጥያቄዎች የለጠፉበት ቀን ከፈተናው በፊት ነው። እውነት ይሆን?

መልስ፦ በ2008 ዓ.ም. ፈተና በእርግጥ ሾልኮ ተሰርዟል። ወሬው የሚታመነውም ለዚህ ነው። ቀኑ ግን ማስረጃ አይሆንም። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈን ነገር በኋላ መቀየር ይቻላል፤ ሰዓቱ የመጀመሪያው ሆኖ ይቆያል። ቀድመው ሌላ ነገር ይለጥፋሉ፣ ከፈተናው በኋላ ጥያቄውን ይተኩበታል። ወንድሜ፣ ብርህን እንዳትሰጣቸው።

ጥያቄ (የኮሌጅ አይቲ ሠራተኛ፣ ለቡ)፦ ሰርቨራችን በራንሰምዌር (ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ በሚያስጠይቅ ቫይረስ) ቢቆለፍ መክፈል ይሻላል?

መልስ፦ መክፈል ዋስትና አይሆንም። የኔዘርላንዱ ማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ተቆልፎበት 30 ቢትኮይን ከፍሎ ፋይሎቹን አስከፍቷል። ለትምህርት ቤቶች የተማሪ መረጃ መያዣ ሶፍትዌር የሚያቀርበው የአሜሪካው ኩባንያ ፓወርስኩል ግን የተሰረቀው የተማሪዎች መረጃ እንዲጠፋ ከፈለ፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ትምህርት ቤቶች በዚያው መረጃ እንደገና ገንዘብ ተጠየቁ። ማስትሪክት ላይ አንዳንድ ባክአፖችም (መጠባበቂያ ቅጂዎችም) አብረው ተቆልፈው ነበር። ስለዚህ የተማሪ ውጤት ከኔትወርኩ በተነቀለ ሃርድ ዲስክ ላይም ይኑርዎት። በየሴሚስተሩ ከዲስኩ ላይ ፋይል ከፍተው ይሞክሩ። ዲስኩን ሰርቨሩ አጠገብ አይተዉት፤ ሬጅስትራሩ ካዝና ካለው እዚያ ይቆለፍ።