ኬብሉ ተሰክቷል፣ ጌሙ ግን አይተያይም

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? ደብረ ብርሃን ላይ ከወንድሜ ጋር ትንሽ ጌም ቤት አለን። ኮምፒውተሮቹን በስዊች አገናኝተን ሬድ አለርት 2 ጫንንባቸው። ሁሉም ዊንዶውስ 10 ናቸው። ለብቻ ሲጫወቱት ምንም አይልም። ኔትወርክ የሚለውን ስንጫን ግን አንዱ ሌላውን አያየውም። ፋይል ግን እንደ ልብ ይላላካሉ። ኬብል ቀየርን፣ ስዊች ቀየርን፣ ወይ ፍንክች!

መልስ፦ ኧረ ኬብሉን ተዉት፣ ብራችሁን አትጨርሱ። ፋይል ከተላላኩ መስመሩ ደህና ነው። ሬድ አለርት 2 የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲሆን በላን (በአንድ ቤት ውስጥ ባለ ኔትወርክ) የሚያገናኘው አይፒኤክስ በሚባል ፕሮቶኮል፣ ማለትም ማሽኖች በሚነጋገሩበት ደንብ ነው። አይፒኤክስ ኖቬል የሚባል ኩባንያ ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ የኖቬል የኔትወርክ ሶፍትዌር፣ ኔትዌር፣ በየቢሮው ስለነበረ ጌም ሠሪዎቹም በዚያው ገቡበት፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ዱም የሚባለው ጌምም በላን የሚያጫውተው በእሱ ነበር። ደግሞ ይመቻል፤ አድራሻ መሙላት የለም፣ ማሽኑ ከኔትወርክ ካርዱ ቁጥር ራሱ ይወስዳል፣ ከዚያ «ማን አለ?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል፣ ያለው ይመልሳል። በኋላ ኢንተርኔት ሲስፋፋ የኢንተርኔቱ ፕሮቶኮል ቲሲፒ/አይፒ አሸነፈ፣ ማይክሮሶፍትም ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አይፒኤክስን አወጣው። የእናንተም ጌም ይጣራል፣ ሰሚ ግን የለውም።

መፍትሔው አይፒኤክስ ራፐር የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ፋይሎቹን ጌሙ ያለበት ፎልደር ውስጥ፣ በሁሉም ማሽን ላይ ገልብጡ። የጌሙን ጥሪ ዊንዶውስ 10 ወደሚያውቀው ፕሮቶኮል፣ ወደ ዩዲፒ ቀይሮ ያሳልፈዋል። ፋየርዎል ሲጠይቃችሁ ፍቀዱ። ዋይፋይ ያለው ማሽን ካለ ዋይፋዩን አጥፉት፣ ጥሪው በዋይፋዩ በኩል ወጥቶ ሊቀር ይችላል፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው ይቺን ነው። (ፍላሹን ሳትገለብጡ በፊት ስካን አድርጉት፣ የጌም ቤት ፍላሽ መቼም ይታወቃል።)

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ስንጫወት አንዷ አሮጌ ኮምፒውተር ከገባች ሁላችንም እንጎተታለን። ለምን?

መልስ፦ ይሄ ጌም የወታደሮቹን ቦታ አይላላክም። በ1999 እ.ኤ.አ. በስልክ ሞደም ይጫወት ስለነበር የመቶ ቀስተኛ ቦታ በየቅጽበቱ መላክ አይታሰብም። የሚላከው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ «እነዚህ ወደዚያ ይሂዱ» ይላል፣ ውጊያውን ግን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለብቻው ያሰላዋል። ስሌቱ አንድ ዓይነት እንዲሆን ደግሞ ይጠባበቃሉ፣ ስለዚህ የደከመችዋ ሁሉንም ትይዛለች። የጌሙ ቨርዥንም የግድ አንድ መሆን አለበት፣ አለዚያ ስሌቱ ይለያይና መሃል ላይ ይቋረጣል። ጌሙ ውስጥ ለአንድ ተጫዋች የሚፈቀደውን የሕዝብ ብዛት ከ200 ወደ 75 አውርዱት፣ ይቀላል። ካልሆነ ካውንተር ስትራይክ ለሚባለው ጌም ተዉአት፣ እዚያ የምትቸገረው እሷው ብቻ ናት። ሰርቨር (ጨዋታውን ለሁሉም የሚያስተናግደው ማሽን) ብቻ አታድርጓት።