ከሟች ለጋሽ የሚወሰድ አካል እንዴት ለቫይረስ ይመረመራል? ጠይቁኝ

ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው፤ ከሟች ለጋሾች የተቀዳ ደም ለቫይረስ እመረምራለሁ። የጻፋችሁልኝን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ምን ምን ታያላችሁ?
መልስ፦ ዋናዎቹ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ ናቸው። ሲኤምቪ (ሳይቶሜጋሎቫይረስ) የሚባለውን ቫይረስም እናያለን፤ እሱ ግን ተቀባዩ ምን መድኃኒት እንደሚያስፈልገው ለማወቅ እንጂ ለጋሹን ለመጣል አይደለም።

ጥያቄ፦ ኔጌቲቭ ከሆነ አለቀ አይደል?
መልስ፦ ኧረ አላለቀም። አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) የሚፈልግ ምርመራ ሰውነት አንቲቦዲ እስኪሠራ ቫይረሱን አያይም፤ ለሄፓታይተስ ሲ ይህ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይወስዳል። የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ ጊዜውን ወደ አንድ ሳምንት ገደማ ያወርደዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። በ2007 ቺካጎ ውስጥ ከአንድ ለጋሽ አካል የወሰዱ 4 ሰዎች ኤችአይቪም ሄፓታይተስ ሲም እንደያዛቸው ታወቀ። የለጋሹ አንቲቦዲ ኔጌቲቭ ነበር።

ጥያቄ፦ ደም ደም ነው፤ የሟች ደም ምን ይለየዋል?
መልስ፦ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። አደጋ የደረሰበት ሰው ከመሞቱ በፊት ከረጢት በከረጢት ደም ይሰጠዋል፤ በደም ሥሩም ፈሳሽ ይገባል። ከዚያ በኋላ የተቀዳ ናሙና የእሱ ብቻ አይደለም፤ ስለሚቀጥን ያለውን ቫይረስ የለም ሊለን ይችላል። ስለዚህ ቱቦው እጄ ሲገባ ከስሙ ቀጥሎ የማየው የተቀዳበትን ሰዓት ነው። ባለፉት 48 ሰዓታት የገባውን ደም፣ በመጨረሻው 1 ሰዓት ከገባው ፈሳሽ ጋር ደምሬ ከጠቅላላው የደሙ መጠን ጋር አስተያያለሁ። ካለፈ፣ ድንገተኛ ክፍል እንደገባ ለደም ዓይነት ምርመራ የተቀዳችውን ቱቦ ፍለጋ ፍሪጅ ለፍሪጅ እዞራለሁ። አንድ ሌሊት ያገኘኋት ቱቦ ከሥሯ ጣት የማይሞላ ሴረም (ደሙ ሲረጋ የሚቀረው ፈሳሽ) ብቻ ቀርቷት ነበር። በቃችን!

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ተረጋግታችሁ ደጋግማችሁ አትመረምሩም?
መልስ፦ ጊዜ የለንማ! ከሰውነት የወጣ ልብ በቅዝቃዜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው የሚቆየው። ኩላሊት ይታገሣል፤ ከ24 ሰዓት በላይም ይቆያል።

ጥያቄ፦ ፖዘቲቭ የሆነው ይጣላል?
መልስ፦ ድሮ አዎ። አሁን ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ኩላሊት፣ ተቀባዩ አውቆ ከፈቀደ፣ ቫይረሱ ለሌለበት ሰው ተተክሎ በክኒን ይታከማል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም ከ2008 ጀምሮ ኤችአይቪ ከነበረባቸው ለጋሾች የተወሰደ ኩላሊት ኤችአይቪ ላለባቸው ሰዎች ተተክሏል። በእኔ እምነት ወረፋ ላይ ሆኖ ከመሞት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡን ሟቹ የት እንደተጓዘ፣ ከምን እንስሳ ጋር እንደተነካካ መጠየቅ ምን ይጠቅማል? ሐዘንተኛን ማስጨነቅ አይሆንም?
መልስ፦ ከባድ ነው፤ ግን ያልፈለግነውን ቫይረስ ማሽኑ አይነግረንም። በ2004 አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ለጋሽ አካል ወይም የደም ሥር የተተከለላቸው 4 ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ሞቱ። ለጋሹን የሌሊት ወፍ ነክሶት እንደነበር የተሰማው በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በቅርቡ ኩላሊት ተተክሎለታል። እሱም ይመርመር?
መልስ፦ አዎ፣ ከተተከለለት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ። የዘረመሉን ምርመራ ጠይቁለት፤ የሚወስደው መድኃኒት የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዳክም አንቲቦዲው ሊዘገይ ይችላል።