«ቀይ መብራት» ወይስ «ቀይ ብርሃን»?

ጥያቄ፦ ለፎቶ የሚሆን ባለቀለም መብራት ቤት ውስጥ ሠራሁ። ነጭ አምፖል ካርቶን ውስጥ ገጥሜ፣ ፊቱን ብርሃን በሚያሳልፍ ቀይ ላስቲክ ሸፈንኩት። አሠራሩን ስጽፍ «ቀይ መብራት» ብዬዋለሁ። ጓደኛዬ ግን «አምፖሉ ነጭ አይደል እንዴ? ቀይ ብርሃን በል» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ልቤ ከጓደኛዎ ጋር ነው፤ ምክንያቱ ግን አላሳመነኝም። መብራትና ብርሃን ተምታተው ሲጻፉ ማየት ሁሌም ያንገበግበኛልና ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ሁለቱም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ግእዝ «በርሀ» ይላል። አማርኛ የጉሮሮዋን «ሀ» ዋጠና «በራ» አለ። በዚያው ላይ የመሣሪያውን «መ» ጨምሮ «መብራት»ን አወጣ። ትግርኛ «መብራህቲ» ሲል የተዋጠችው «ህ» እስከ ዛሬ ትሰማለች። «ብርሃን» ደግሞ ከግእዝ እንዳለ ስለመጣ «ሃ»ው አልወደቀም። እንግዲህ መብራት የሚያበራው ዕቃ ነው፤ ብርሃን ከዕቃው የሚወጣው።

«ብርሃን የመጽሐፍ ቃል ነው፤ የሕዝቡ ቃል መብራት ነው» የሚሉ አሉ። ፈጽሞ አልቀበለውም። «የፀሐይ መብራት» የሚል ሰው ሰምተው ያውቃሉ? «የጨረቃ መብራት»ስ? አፋችን ልዩነቱን ጠንቅቆ ያውቃል። የሚሰንፈው ብዕራችን ነው።

እንደ እርስዎ አሠራር ለሚያስተምር ሰው ደግሞ ነገሩ የጥራት ብቻ አይደለም። «ቀዩንና አረንጓዴውን መብራት ቢያደባልቁ ቢጫ ይወጣል» ብለው ቢጽፉ፣ አንባቢው ሁለቱን ላስቲኮች አንድ ካርቶን ላይ ይደራርብና ጨለማ ያገኛል። መብራት አይደባለቅም። የሚደባለቀው ከሁለት መብራቶች ወጥቶ አንድ ግድግዳ ላይ ያረፈው ብርሃን ነው። «ሞቅ ያለ ብርሃን»ም ለፎቶ አንሺ ወደ ቢጫ የሚያደላው ነው። የሞቀ መብራት ግን ላስቲኩን ያቀልጣል፤ ካርቶኑንም ሊያቃጥል ይችላል።

ወደ ጓደኛዎ ልመለስ። የትራፊክ መብራት ለብዙ ዘመን ነጭ አምፖልና ከፊቱ ቀይ መስታወት ነበር። እርስዎ የሠሩት ዓይነት ማለት ነው። ሰው ሁሉ ግን «ቀይ መብራት ጣሰ» ይላል። ስለዚህ አምፖሉ ነጭ መሆኑ ስሙን አያፈርሰውም። ባይጥመኝም፣ ለዕቃው «ቀይ መብራት» ማለትዎ ያስኬዳል። ፊት ላይ ያረፈውን ሲያወሩ ግን «ቀይ ብርሃን» ይበሉ፤ እዚህ ላይ አልደራደርም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ብርሃኑን ቀይ ቀባሁት» እንዳይሉ። ላስቲኩ ምንም አይጨምርም። ቀዩን ያሳልፋል፣ ሌላውን ያስቀራል። ብርሃኑ የሚደክመውም ለዚህ ነው። «አጣራሁት» ቢሉ ሥራው በትክክል ይገለጻል።

«ባለቀለም» የሚለውም አይዋጥልኝም። «ቀለም» ሥሩ ከግሪክ «ካላሞስ» ነው፤ ሸምበቆ ማለት ነው። ከሸምበቆ ብዕር ሆነ፣ ከብዕር ወደሚጻፍበት ፈሳሽ ተሻገረ፤ ለዓይን መልክ የዋለው ከዚያ በኋላ ነው። ብርሃን ላይ ሲለጠፍ የብልቃጥ ሽታው አይለቀኝም። ግእዝ «ኅብር» የሚል ያማረ ቃል ነበረው። እኔ «ኅብረ ብርሃን» ማለቴን አልተውም። ሰዉ ግን ከወሰነ ቆይቷል፤ እርስዎም «ባለቀለም ብርሃን» ብለው ቢጽፉ የሚያርምዎት የለም።