ጋሼን ጠይቁ፦ የዘመኑ የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲዎች

በድሬዳዋ የሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ የዛሬው መልስ ሰጪ በጡረታ ላይ ያሉት የሙዚቃ መምህር ጋሼ ናቸው። ጠያቂዎቹ በቅጽል ስም ነው የጻፉት። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፦ በስልክ ድምፅ ማጉያ ሰምታችሁ አትፍረዱ። ማዳመጫ አድርጉ። «ማን ይበልጣል» የሚል ጥያቄም አልመልስም።

ሳቢያን፦ ጋሼ፣ ከማን ልጀምር?

ጋሼ፦ ከኢስቶኒያዊው አርቮ ፔርት። በ1976 የጻፋትን «ፉር አሊና» ስማ፤ አጭር የፒያኖ ሥራ ናት። በማዳመጫ።

ገንደ ቆሬ፦ የአሜሪካዊው ደራሲ የስቲቭ ራይክ «የጭብጨባ ሙዚቃ» ጭብጨባ ብቻ ነው። ይህም ድርሰት ተብሎ ይቆጠራል?

ጋሼ፦ እሰይ፣ ጥያቄ ማለት ይህ ነው! በ1972 የተጻፈ ነው፤ ሁለት ሰዎች በባዶ እጃቸው ይጫወቱታል። ሦስት ጊዜ አጨብጭብ፣ አንድ ምት ዝም በል፤ ሁለት፣ ዝም፤ አንድ፣ ዝም፤ ሁለት፣ ዝም። አሥራ ሁለት ምት ሞላ። ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ። አንደኛው እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አይልም፤ ሌላው ደጋግሞ ከተጫወተ በኋላ በአንድ ምት ይቀድመዋል፤ ከዚያ እንደገና በአንድ ምት። የሚያጨበጭቡት ያንኑ ነው፣ ጆሮህ ግን ማንም ያልተጫወተውን አዲስ ምት ይሰማል። በአሥራ ሁለተኛው ዝላይ ተመልሰው ይገጥማሉ። ራይክ በ1970 ጋና ሄዶ ከበሮ ተምሯል። ሃንጋሪያዊው ደራሲ ሊገቲም ለፒያኖ ኤቱዶቹ (የልምምድ ድርሰቶቹ) ከመካከለኛው አፍሪካ ሙዚቃ ብዙ ወስዷል። በሐረር ዚክሪ (የሙስሊሞች የውዳሴ ዜማ) ከከበሮው ጋር የእንጨት ማጨብጨቢያ ሲሰማ ያደገ ልጅ ራይክን «ከበደኝ» ቢለኝ አላምነውም።

ጀጎል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ዚክሪ አምልኮ ነው። ከመድረክ ሙዚቃ ጋር አይነጻጸርም።

ገንደ ቆሬ፦ ከጀርመናዊው ባክ ሥራዎችስ ብዙዎቹ ለቤተ ክርስቲያን የተጻፉ አይደሉም እንዴ?

ጀጎል፦ ባክን ማን አነሳ?

ጋሼ፦ ያነጻጸርኩት ምቱን ነው። ቀጥሉ።

ከዚራ፦ ከኛ አገርስ? ሙላቱ አስታጥቄ?

ጋሼ፦ ሙላቱ ጃዝ ነው። አሸናፊ ከበደን ፈልጉ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነበር፤ በ1967 «ኮቱራሲያ»ን ለፍሉት፣ ለክላርኔት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓኑ ባለ ክር መሣሪያ ለኮቶ ጻፈ። ፒያኖ ተጫዋቿንና ደራሲዋን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም ስሙ።

ሳቢያን፦ እማሆይ ክላሲካል ናቸው ወይስ ብሉዝ?

ከዚራ፦ ብሉዝ የሚሏቸው ፈረንጆች ናቸው። ትዝታን የማያውቅ ሰው ሌላ ምን ይበል?

ጋሼ፦ ከዚራ መልሶልሃል።

ሸዋ በር፦ ሴት ደራሲዎች አሉ?

ጋሼ፦ ምን ማለት ነው «አሉ?» ፊንላንዳዊቷ ካይያ ሳሪያሆ፣ ከታታርስታን ሶፊያ ጉባይዱሊና፣ ኮሪያዊቷ ኡንሱክ ቺን። የሳሪያሆ ኦፔራ «ላሙር ደ ልዋን» በ2000 ሳልዝቡርግ ላይ ታየ። በማዳመጫ!

አዲስ ገባ፦ ሰላም ጋሼ፣ በአጠቃላይ ማን ይበልጣል?

ጋሼ፦ ከላይ አንብብ።

ገንደ ቆሬ፦ ጭብጨባውን ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ልንሞክረው ነው። ማን የትኛውን ይያዝ?

ጋሼ፦ ጎበዙ የማይንቀሳቀሰውን ይያዝ። የሚዘለው ቢሳሳት ወደ እርሱ ይመለሳል፤ የቆመው ከተሳበ ግን ሁለታችሁም ጠፋችሁ። ከዝግታ ጀምሩ።