ከበቆሎ ጆንያ ለሚወጣው የእሳት እራት ምን ይደረግ?

እህቴ፣ «ከገዛሁት በቆሎ ውስጥ ቢጫማ ትናንሽ የእሳት እራቶች እየወጡ ነው፤ የነቀዝ ክኒን ላድርግበት ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ከሁሉ በፊት ክኒኑን ይተዉት። በየሱቁ የሚሸጠው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየሩ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ለጋዙም ማርከሻ የለውም። ሰው በሚያድርበት ቤት፣ ይልቁንም ልጆች ባሉበት፣ በምንም ምክንያት አይግባ።

እዚህ ሐዋሳ እህል ስነግድ ይህችን የእሳት እራት በየዓመቱ አያታለሁ። ሲቶትሮጋ ከሚባል ብዙ ሰው ከማያውቀው ወገን ናት፤ በዝዋይ አካባቢ የቲማቲም ገበሬን ያስለቀሰችው ቱታ አብሶሉታ የምትባል የእሳት እራትም ዘመዷ ናት። ክንፏ የገለባ ቀለም አለው፤ የኋላ ክንፏ ጫፉ ሹል፣ ዳሩም እንደ ነጠላ ዘርፍ የተንጠለጠለ ነው። ጥፋቱ ግን የትሏ ነው። ትሏ ፍሬውን በስታ ገብታ ውስጡን እየበላች ታድጋለች። ወደ እሳት እራት ለመለወጥ ራሷን ከመጠቅለሏ በፊት መውጫውን ክብ አድርጋ ቆርጣ ስስ ልጣጭ ብቻ ትተውበታለች፤ የእሳት እራቷ ያንን ገፍታ ትወጣለች። ስለዚህ ፍሬው ንጹሕ ክብ ቀዳዳ ካለው እርሷ ናት። ዱቄትና ፍሬ በድር ተያይዞ ካገኙ ግን ሌላ ዓይነት ነው።

ቤትዎ ስለቆሸሸ አልመጣችም፤ ይህንን ልብ ይበሉ። ብዙ ጊዜ እንቁላሏ ገና በማሳ ላይ፣ በቆሎው ሲደርቅ ይጣልበታል። ሻጩም ሲሸጥልዎ ላያየው ይችላል፤ ትሏ ፍሬው ውስጥ ናትና።

አሁን በቆሎውን ያበጥሩ፤ የተቦረቦረው ቀላል ስለሆነ ይለያል። ሻጋታ ከሌለው ለዶሮ ይሆናል። የቀረውን በደንብ ፀሐይ ያስመቱት። መድረቁን ለማወቅ በደረቅ ጠርሙስ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው አድርገው ይነቅንቁ፤ ጨው ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ ገና ነው፣ ይድገሙት። እርጥብ እህል አየር በማያስገባ ነገር ከታሸገ ይሻግታል።

ከደረቀ በኋላ ፒክስ በሚባለው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ያድርጉት። ሁለቱን የውስጥ ፕላስቲኮች አየሩን እየጨመቁ አንድ በአንድ ጠምዝዘው አጥፈው ይቋጥሩ። ውስጥ የቀሩት ትሎች ኦክስጅኑን ይጨርሱና መብላት አቁመው ይሞታሉ፤ መርዝ አያስፈልግም። በየሳምንቱ አይክፈቱት፤ ለወር የሚሆንዎትን ቀድመው ያውጡ። አሮጌውን ጆንያ ደግሞ ሳያፈሉ ለአዲሱ እህል አይጠቀሙበት።